የፈሪ ቀዳዳ

ባለፈው ጥር፣ የማርያም ንግሥ ሊደርስ ሰሞን፣ አርብ ገበያ ከተማ፣ አባቴ ቤት በር ላይ ተቀምጠን ፀሐይ ስንሞቅ የወንድሜ የደሴ ስልክ ጮኸ። የደወለው ልጁ ሀብታሙ ነው። ወገዳ ላይ ትንሽ ብየዳ ቤት አለችው። አስቀድሞ ቪዲዮ ልኮ ኖሮ «አያችሁት ወይ?» ይላል። ከፍተን አየነው። ቀይ ቀለም የተቀባ ማሽን ነው። ባንዱ ጫፍ ሽብልቅ ተበይዶበታል፤ በሌላው ጫፍ የሚያብለጨልጭ የብረት ዘንግ ከሲሊንደሩ ውስጥ እየተንፏቀቀ ይወጣና አንድ የባሕር ዛፍ ጉማጅ ከሽብልቁ ጋር ያጣብቃል። ትንሽ ይቆይና ጧ! እንጨቱ ለሁለት ይከፈላል።

«መፍለጡንስ ይፈልጣል» አለ ሀብታሙ፤ «ግን ይንቀራፈፋል፣ አባ። ሰው መጥቶ እየቆመ ይስቅብኛል። እንዴት አድርጌ ላፍጥነው?»

የደሴ ዓይን ከስልኩ ወርዶ የአባታችን ግራ እጅ ላይ አረፈ። የእኔም ዓይን እዚያው ነበር። አባታችን ሰማንያን አልፈዋል። ጆሯቸው ደህና ነው፤ ዓይናቸው ግን ቅርብ ቅርቡን ብቻ ነው የሚያየው። ጭናቸው ላይ ሰፌድ አስቀምጠው አሹቅ ይልጡ ነበር። ቀኝ እጃቸው ይልጣል፤ ግራው፣ ሁለት ጣቶቹ የማይታጠፉት፣ ሰፌዱን ደግፎ ይይዛል። የልጅ ልጃቸውን ጥያቄ ሲሰሙ ቀኝ እጃቸውም ቆመ። ሀብታሙ መልስ እየጠበቀ፣ እኔ ከዚያ በር ላይ ተነሥቼ ወደ ሌላ ጥር ሄድኩ።

እኔ ወፍጮ ቤት ያደግሁ ሴት ነኝ። ድምፄ የገነነው ለዚህ ነው፤ ባለቤቴ «ሹክ በይኝ ስልሽ እንኳ መንደሩ ይሰማል» እያለ እስከ ዛሬ ይተርበኛል። ምን ላድርግ? የአባቴ ወፍጮ ያን ጊዜ በናፍጣ ነበር የሚሠራው፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ሰው ከሰው የሚግባባው በጩኸት ብቻ ነው። አርብ አርብ ገበያተኛው እህሉን ባህያ ጭኖ ሲመጣ ወረፋው እስከ መንገዱ ይደርሳል። አዲስ የተፈጨ ገብስ ከናፍጣ ጭስ ጋር ሲገናኝ የሚሰጠው ሽታ አለ። ዛሬም ሁለቱ አንድ ላይ ከሸተቱኝ ሃያ ሁለት ዓመቴ ይመለስብኛል፤ ሳልፈልግም ፀጉሬን ከዱቄት አራግፋለሁ።

ወንድሜ ቤት ስላልነበረ ሞተሩን አባቴ ያስተማሩት ለእኔ ነው። ማኖቬላ አዙሬ የማስነሣው እኔ፣ ናፍጣ የምጨምረውና የምቀንሰው እኔ። ከሁሉ አስጠንቅቀው ያሳዩኝ ግን ቺንጋ፣ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘውን ረጅም የጎማ ቀበቶ፣ መጣልን ነው። የዚያ ሞተር መዘውር ከባድ ስለሆነ ናፍጣውን ቢዘጉትም ወዲያው አይቆምም፤ ረጅም ጊዜ በገዛ ጉልበቱ ይዞራል። ስለዚህ የሰው ልብስ በድንጋዩ ከተያዘ ሞተሩን ማጥፋት ከንቱ ነው። መፍትሔው በባላ እንጨት የሚሮጠውን ቺንጋ ገፍቶ ከሚዞርበት ፑሊ ላይ መጣል ነው። «ቺንጋው ከወደቀ ሞተሩ ለራሱ ይዙር» ይሉኝ ነበር። ባላዋ ሁልጊዜ በሩ ጥግ ትቆም ነበር፤ እሷን ማገዶ ያደረገ ሰው ከአባቴ ቤት እንጀራ አይበላም።

ደሴ ታላቄ ነው። የመንገድ ሥራ ካምፕ ገብቶ መካኒክ እየረዳ ብዙ ዘመን ቆየ። ወሬው አልፎ አልፎ በሾፌር በኩል ይመጣል። አንድ ክረምት ካምፑ ውስጥ አንድ የአገራችን ልጅ በማሽን እጁ ተቆረጠ የሚል ወሬ መጣ፤ ማን እንደሆነ የሚነግረን ሰው ግን ጠፋ። እናቴ ያን ሰሞን እህል አልቀመሰችም ብል ማጋነን አይሆንም። አባቴ ደግሞ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ እንደቆሙ ተሳሉ፤ «እመቤቴ፣ ልጄን እጁና እግሩ ሳይጎድል ከመለስሽልኝ፣ የንግሥሽን እንጨት እኔ ፈልጬ አቀርባለሁ።» ይህን ስለት አጠገባቸው የነበረ ሰው ሁሉ ሰምቷል።

የንግሥ እንጨት ቀላል ነገር አይደለም። ለጥር ማርያም ከስማዳም ከእስቴም ሰው ይመጣል፤ ወጡ፣ ጠላው፣ ንፍሮው የሚበስለው በዚያ እንጨት ነው። በየዓመቱ ወንዶቹ ደቦ ወጥተው፣ ምሳራቸውን ስለው፣ እየተፎካከሩ ይፈልጡት ነበር። ጥር ደግሞ የበዓል ወር ነው። ከጥምቀት በኋላ ቃናው፣ አብ፣ ቂርቆስ፣ ጊዮርጊስ ይከታተላሉ፤ በእነሱ ቀን ምሳር የሚያነሣ የለም። እንጨት የሚፈለጥባቸው ቀኖች ከመሀል መሀል የሚገኙ ጥቂት ቀኖች ናቸው።

ደሴ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሙሉ ሰው ሆኖ ተመለሰ። እናቴ እጆቹን እያገላበጠች ስትስም ትዝ ይለኛል። ባዶ እጁን አልመጣም፤ ከተጣለ ሎደር የተፈታ ሲሊንደርና ከገልባጭ መኪና የወጣ የዘይት ፓምፕ በጭነት መኪና አምጥቷል። «አባባ፣ ስለትዎን በዚህ እንከፍላለን» አለ። የገና በዓል ሳይደርስ ወፍጮ ቤቱ ጎን ማሽኑን በየደው። የወፍጮው ሞተር በቺንጋ ፓምፑን ያዞራል። ፓምፑ ከጋን ዘይት ስቦ በወፍራም ጎማ ወደ ሲሊንደሩ ይልካል። ዘይቱ የሲሊንደሩን ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጉ ጫፉ ላይ በተበየደ የብረት ሰሌዳ ጉማጁን ገፍቶ ወደ ሽብልቁ ይወስደዋል። አንዲት እጀታ አለች፤ ወደ ፊት ሲሏት ይገፋል፣ ወደ ኋላ ሲሏት ይመለሳል፣ መሀል ላይ ይቆማል። ሲለቋት በራሷ ወደ መሀል መመለስ ነበረባት፤ ነገር ግን መላሽ ስፕሪንጓ ተሰብሮ ስለመጣ ባስቀመጧት ቦታ ቀርታ ሥራዋን ትቀጥላለች። ደሴ «አንድ ቀን አበጃታለሁ» እያለ ይተዋት ነበር።

አባቴ የልባቸው መሙላት ልክ አጣ። ጥምቀተ ባሕሩ ዳር፣ ታቦቱ ከመመለሱ በፊት፣ ሽማግሎች ስለ ደቦው ሲነጋገሩ ተነሥተው «ዘንድሮ ለማርያም እንጨት ማንም እንዳይደክም፤ እኔና ልጄ እንበቃለን» አሉ። እልልታው ቀለጠ። ደሴ አጠገቤ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን ደስ ያለው ሰው አይመስልም።

ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ሲነሣ ግማሹ ሰፈር ሊያይ መጣ። እኔ ሞተሩን አስነሣሁ፤ ደሴ እጀታዋን ወደ ፊት አላት። ሰሌዳው ወጣ... ኧረ ወጣ ማለትም ይከብዳል። ምሳር በመጨበጥ የታወቀው ጎረቤታችን ጫኔ እዚያው ፊት ለፊት ሌላ ጉማጅ አቁሞ ፈለጠ፤ ፍልጡን ደረደረ፤ ምሳሩን ተደግፎ ቆመና «ደረሰ ወይስ እራት በልቼ ልምጣ?» አለ። ሲሊንደሩ ትልቅ፣ ፓምፑ ትንሽ ስለሆነ ነው። ትልቅ ጋን በትንሽ ጣሳ ሲሞሉት ጊዜ ይወስዳል። እንጨቱ በመጨረሻ ሲሰነጠቅ ድምፁ ያስደነግጥ ነበር፤ ግን ሰው ሳቁን ጨርሶ ነበርና ማንም ልብ አላለውም። አባቴ ጆሯቸው ቀልቶ ወደ ቤት ገቡ።

ቂርቆስ ባለፈ ማግሥት «አፍጥነው» አሉት። ደሴ የሞተሩን ፑሊ በትልቅ ቀየረው፤ ፓምፑ በጣም መዞር ጀመረ። አሁን ሰሌዳው ከመጀመሪያው ሦስት አራት እጥፍ ፈጠነ። ጉማጁን አስቀምጠው እጅ እስኪያነሡ አይጠብቅም፤ ይመጣል። አባቴ በሳቅ ተንከተከቱ። እንጨት ያስቀምጣሉ፣ ይፈለጣል፤ ያስቀምጣሉ፣ ይፈለጣል። ክምሩ ማደግ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ግን አንጓ የበዛበት የወይራ ግንድ ገባ። ሽብልቁ ላይ ተንጋደደና ፍልጡ እንደተወረወረ ድንጋይ ተስፈንጥሮ በአባቴ ጆሮ ግንድ በኩል አልፎ የወፍጮ ቤቱን ቆርቆሮ ቀደደው። ቀዳዳው አሁንም አለ። ክረምት ክረምት ከሥሩ ባልዲ እናስቀምጥ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ደሴ ስለ ካምፑ ልጅ ነገረኝ። እጁ የተቆረጠው አብሮት በአንድ ድንኳን የሚያድር ጓደኛው ኖሯል። «ሲመጣ አላየሁትም ነው ያለኝ» አለ፤ «ባንች፣ ሲመጣ አላየውም።» ባንቻምላክ ነኝ፤ እሱ ብቻ ነው «ባንች» የሚለኝ። ከዚያ ያለቀ ማረሻ አንሥቶ ሳንቲም የምታህል ክብ ብረት ቆረጠ። መሀሏን በእጅ መሰርሰሪያ በሳው፤ ምስር የምታሾልክ ቀዳዳ ሆነች። ይህችን ብረት ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባበት ጎማ መጋጠሚያ ውስጥ አስቀመጣትና በቁልፍ አጠበቀ።

«ጉልበቱን አትቀንስበትም?» አልኩት።

«ጉልበቱ ያው ነው። ዘይቱ በቀዳዳዋ ልክ ብቻ ነው የሚያልፈው፤ የተረፈው በማስተንፈሻው ወደ ጋኑ ይመለሳል። እንግዲህ ሞተሩን የፈለግሽውን ያህል አስጩኺው፤ ሰሌዳው የሚሄደው እሷ እንደፈቀደችለት ነው።»

በሚቀጥለው የሥራ ቀን የሆነው ሳስበው እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ሰሌዳው እንደ መጀመሪያው አይንቀራፈፍም፣ እንደ ሁለተኛውም አይወነጨፍም፤ ከባድ ድንጋይ የሚገፋ ሰው እንደሚራመደው ረጋ ብሎ ይሄዳል። አባቴ ወደ እኔ ዞረው «ጨምሪ!» አሉ። ናፍጣ ጨመርኩ። ሞተሩ ጮኸ፤ ሰሌዳው እንዳለ ነው። «ጨምሪ እንጂ አንች!» ጨመርኩ። ጭሱ ጣሪያውን ሞላው፣ ዶሮዎች ከግቢ ወጡ፤ ሰሌዳው በዚያው አረማመዱ። አባቴ ሞተሩን ዞረው አዩ፣ ቺንጋውን አዩ፣ ናፍጣውን አሸተቱ። በመጨረሻ ዓይናቸውን ደሴ ላይ ተከሉ። እሱም አልዋሸም፤ መጋጠሚያውን በጣቱ አሳይቶ ነገራቸው።

አባቴ ልጆቻቸው ላይ ጮኸው አያውቁም ነበር። ያን ጊዜ ግን ጮኹ። ሞተሩን አጥፍቼው ስለነበር ድምፃቸው ለጎረቤት ሁሉ ተሰማ።

«ማርያም ፊት ቃል ገብቻለሁ! ሕዝብ ሰምቷል! ደቦውን አስቀርቼ፣ እንጨቱ ግማሽ ላይ ቆሞ፣ አንተ ማሽኑን ትለጉምብኛለህ?»

«አባባ፣ የተሳሉት እኮ እኔ እጄና እግሬ ሳይጎድል እንድመጣ ነው» አለ ደሴ። «እዚህ አምጥተው ሊያስቆርጡኝ ነው? ወይስ እርስዎ ሊቆረጡ ነው?»

«ፈርተሃል» አሉ አባቴ ዝግ ብለው፤ ከጩኸቱ ይልቅ ይህ ነው የከፋው። «ካምፕ ውለህ ፈሪ ሆነህ መጣህ። ይቺ የፈሪ ቀዳዳ ናት። ከጊዮርጊስ ማግሥት፣ የተቆረጠውን ክምር እንደጨረስን፣ በገዛ እጄ አውጥቼ ነው የምጥላት።»

የጊዮርጊስ ዕለት ሥራ አልነበረም። እናቴ የገብስ እንጀራ በዶሮ ወጥ አቀረበች፤ ሁለቱ ከአንድ መሶብ በሉ፤ አልተያዩም። እኔ መሀላቸው ተቀምጬ ማሽኑ ሳይሆን እነሱ መሀል ሽብልቅ የገባ መሰለኝ። ለማን ልፍረድ? የአባቴ ስለት የልጅ ፍቅር ነው፤ የወንድሜም ፍርሃት የአባት ፍቅር። ሁለቱም እንዲህ ብለው ለመናገር ያፍራሉ።

በማግሥቱ በማለዳ ጀመርን። ውርጭ ነበር፤ የተቆረጠው የባሕር ዛፍ ሽታ አፍንጫ ያቃጥላል። ደሴ እጀታዋ ዘንድ፣ አባቴ ከማዶ ጉማጅ እያስቀመጡ፣ እኔ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ከሞተሩ ጋር። ሁለቱ ባይነጋገሩም እጃቸው ተግባብቶ ይሠራ ነበር። ሰሌዳው ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ጊዜ ለመቆጠብ አንድ ልማድ አምጥተዋል፤ አባቴ ጉማጁን እያስተካከሉ ሳለ ደሴ ቀድሞ እጀታዋን ወደ ፊት ይላታል። ሰሌዳው ሊደርስ ሲል አባቴ እጃቸውን ያነሣሉ። አይቼ አልወደድኩትም፤ ግን የሚሄደው ረጋ ብሎ ነው፤ ለቀልድ እንኳ ጊዜ ይተርፋል።

በዚህ መሀል ቄስ አድማሱ መጡ። የደብራችን አገልጋይ ናቸው፤ እንጨቱ ምን ላይ እንደደረሰ ሊያዩ ከቤተ ክርስቲያን መውጫቸው ነበር። መስቀላቸውን ከኩታቸው ውስጥ አውጥተው ወደ ማሽኑ ቀረቡ። እኛ አገር ቄስ መስቀል ይዞ ሲመጣ በእጅ ያለ ነገር ሁሉ ይለቀቃል። አራሽ ዕርፉን ይለቃል፣ ሸማኔ መወርወሪያውን ያስቀምጣል። ማን አስተማረን ማለት አይቻልም፤ እጃችን ራሱ ያውቀዋል። ደሴ እጀታዋን ለቆ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ዞረ። አባቴ ደግሞ ቀኝ እጃቸውን ከጉማጁ አንሥተው አጎነበሱ። ግራ እጃቸው ግን ለመደገፍ ያህል ከጉማጁ ኋላ፣ ሰሌዳው በሚመጣበት በኩል፣ እንዳለ ቀረ።

እጀታዋ ወደ ፊት እንደተባለች ናት። ሰሌዳው ይመጣል።

እኔ ከሩቅ ስለነበርኩ ነው ያየሁት፤ ከሦስቱ አንዳቸውም ወደዚያ አያዩም። ቄሱ መስቀሉን መጀመሪያ ለአባቴ ግንባር፣ ከዚያ ለከንፈራቸው አስጠጉ። «ይፍታሕ» እያሉ ምርቃቱን ጀመሩ፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። በሰሌዳውና በእጃቸው መሀል ያለው ስንዝር አይሞላም። ጮህኩ። ያ መንደር የሚያውቀው ድምፄ፣ ባሌ የሚተርበው ድምፄ፣ ከሞተሩ በላይ መውጣት አቃተው። ደግሜ ጮህኩ። ደሴ ተራውን እየጠበቀ አንገቱን ደፍቷል።

ሮጬ እጀታዋ ዘንድ እንዳልደርስ መሀላችን የእንጨት ክምር አለ። ናፍጣውን ብዘጋው መዘውሩ መዞሩን አያቆምም። እጄ በሩ ጥግ ባላዋን አገኛት። ቺንጋው ውስጥ አስገብቼ ባለኝ ጉልበት ገፋሁ። መጀመሪያ ተንሸራተተችብኝ። እንደገና ገፋሁ። ቺንጋው ተገልብጦ ወጣና ክንዴን ገርፎኝ መሬት ላይ ወደቀ። ሞተሩ ብቻውን መጮህ ቀጠለ፤ ፓምፑ ግን ዝም አለ፤ ሰሌዳውም ባለበት ቆመ።

ያኔ ነው አባቴ ዓይናቸውን የከፈቱት። አልጮኹም። እጃቸውን ለማንሣት ሞከሩ፤ አልመጣም። መዳፋቸው ከጉማጁና ከብረቱ መሀል ተጣብቋል። ፊታቸው እንደ አመድ ሆነ። ቄስ አድማሱ መስቀላቸውን እንደያዙ በሌላ እጃቸው እጀታዋን ሊጎትቱ ሲሉ ደሴ «አይንኩብኝ!» ብሎ ገፋቸው። ፓምፑ ሳይዞር እጀታዋ ዋጋ የላትም፤ ቺንጋውን መልሶ ማግባት ደግሞ ያንን ሁሉ ጉልበት መልሶ መጥራት ነው። ቁልፉን አንሥቶ መሬት ላይ ተንበረከከና መጋጠሚያውን ይፈታ ጀመር። ከመቸኮሉ የተነሣ ቁልፉ ሁለቴ አመለጠው። አባቴ ከላይ ሆነው ያዩታል። «ቀስ በል፣ ልጄ» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ሞተሩን አጥፍቼ ስደርስ ነበር። «ቀስ በል።»

መጋጠሚያው ሲፈታ ዘይቱ ፊጭ ብሎ የደሴን ደረት አለበሰው፤ ሰሌዳውም በጥቂቱ ላላ። አባቴ እጃቸውን አወጡ። ሁለት ጣቶች ተሰብረዋል፣ ቆዳው ተልጧል፤ እጁ ግን እጅ ነበር፤ አምስቱም ጣት አለ። እናቴ ነጠላዋን ቀዳ አሰረችው። ወጌሻ እስኪመጣ ደሴ በዘይት እንደተነከረ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ባየሁበትና ቺንጋው በወደቀበት መሀል የነበረው ጊዜ አንድ አቡነ ዘበሰማያት አያስደርስም። በዚያ ባስደሰታቸው ፍጥነት ቢሆን ኖሮ እኔ ባላዋን ሳልነካ ሁሉም አልቆ ነበር። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ ደሴ ያውቃል። አባቴ ማወቅ አለማወቃቸውን ግን ፊታቸው አልነገረንም።

ቄስ አድማሱ «ስለቱ ደርሷል፣ እመቤታችን ተቀብላዋለች፤ ይብቃ» አሏቸው። አባቴ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «የማርያም እንጨት እንዳይቀር» አሉ። ቄሱ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሰፈር ሄደው ደቦ ጠሩ። በማግሥቱ ጫኔ ምሳሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ከሁሉ ቀድሞ መጣ፤ ያን ዕለት አንድም ቀልድ አልቀለደም።

ደሴ ማሽኑን እንደገና ሊነካው ይችላል ብዬ አላሰብኩም። ግን ማለዳ ተነሥቶ መጋጠሚያው ሲፈታ ፍልጡ መሀል የወደቀችውን፣ ዘይት የጠጣችውን ክብ ብረት ፈልጎ አገኛት። ሰው ሁሉ እያየ መጋጠሚያው ውስጥ መልሶ አስቀመጣትና አጠበቀ። ከካላማዳሪ፣ ከመኪና የውስጥ ጎማ፣ ደግሞ ጠፍር ቆርጦ እጀታዋን አሰራት፤ ሲለቋት በራሷ ወደ መሀል እንድትመለስ። አባቴ እጃቸው በሸምበቆ ታስሮ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። በገዛ እጄ አወጣታለሁ ያሏትን ብረት ልጃቸው ሲመልሳት አዩ። አልከለከሉትም። ምሳሩም ማሽኑም አብረው ሠሩ፤ ዋዜማው ሲደወል የመጨረሻው ፍልጥ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ገባ። ንግሡ ዕለት አባቴ እጃቸውን በነጠላ አንጠልጥለው ታቦቱን አጀቡ። ጮቤ የረገጠ ሁሉ ስለታቸውን ያነሣ ነበር።

ማሽኑ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አገለገለ። ሰው «ምነው እንዲህ ረጋ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ አባቴ ወሬ ይቀይራሉ። ደሴ ከእሳቸው ይቅርታ አልፈለገም፤ አውቀዋለሁ። የፈለገው አንዲት ቃል ነበረች። አንዳንድ ጊዜ በበዓል ቀን፣ ጠላው ልብ ሲያላላ፣ አባታችን ወሬያቸውን ወደዚያ ሲያስጠጉ ደሴ ዋንጫውን ይዞ ሳይጠጣ ሲጠብቅ አየዋለሁ። ወሬው ሌላ መንገድ ይይዛል፤ እሱም ይጠጣል። እንዲህ እያለ ሁለቱም ሸበቱ።

«አባ? ትሰማኛለህ?» አለ ሀብታሙ ከወገዳ።

አባታችን ሰፌዳቸውን ወደ ጎን አደረጉና እጃቸውን ዘረጉ፤ ግራውን። ስልኩን የት በኩል እንደሚናገሩበት ስለማያውቁ እኔ ያዝኩላቸው።

«ሀብታሙ።»

«አቤት አባባ! እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ስማኝ፤ ማሽንህን አታፍጥነው። ይንቀራፈፍ። የግድ አፈጥናለሁ ካልክም፣ የዘይቱ ጎማ መጋጠሚያ ውስጥ መጀመሪያ ክብ ብረት ክተትበት። ምስር የምታሾልክ ቀዳዳ ትኑራት።»

«እንዴ፣ እሷማ መልሳ ታዘገየዋለች እኮ። ሰው ይስቅብኛል!»

«ይሳቅ። እኔም ስቄ ነበር፤ የፈሪ ቀዳዳ ብዬ።» ወደ ደሴ አልዞሩም፤ ፀሐዩን ነበር የሚያዩት። «የሠራት አባትህ ነው። እሱ ልክ ነበር። እሷ ባትኖር ዛሬ ይህን አሹቅ የያዝኩበት እጅ የለኝም።»

ሀብታሙ ምን እንደመለሰ አልሰማሁም። ደሴ ብድግ አለና «ከብቶቹን ውሃ ላጠጣ» ብሎ በጓሮ በኩል ወጣ። ከብቶቹ ጧት ጠጥተው ግጦሽ ላይ ነበሩ። በስድሳ ዓመቱ፣ ሽበቱን ይዞ፣ የሚሸሸግበት ሲፈልግ አየሁት። ተከትዬው ልሄድ አሰብኩና ተውኩት። ቃል ይህን ያህል ዘመን ሊዘገይ ይችላል ብሎ የነገረኝ የለም፤ ግን ደረሰ፤ ሰሚውም በሕይወት ነበር። ከዚህ በላይ ከማርያም ምን እለምናለሁ?

አባታችን ሰፌዱን መልሰው ጭናቸው ላይ አደረጉ። ጥቂት ላጡ። ከዚያ የላጡትን በሰፌዱ አንድ ጥግ ሰብስበው በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑት። እጄን ወደ ሰፌዱ ስዘረጋ መለሱኝ።

«የደሴ ነው፤ አትንኪው» አሉ።